ከባለሙያው በፊት ሸክሙን ለኩ

ወዳጆቼ፣ በተለይ በየጤና ጣቢያው ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሡኝ።

«የጤና ባለሙያው ሥራውን ምን ያህል ይቋቋማል?» የሚል መጠይቅ እየተለመደ መጥቷል። ከመለኪያዎቹ አንዱ ኮነርና ዴቪድሰን በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። 25 ጥያቄ አለው፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል፣ ድምሩ ከ100 ይታሰባል። መለኪያው በራሱ መጥፎ አይደለም። መለካትንም አልቃወምም፤ «ያልተለካ አይሻሻልም» እያልኩ ያሰለቸኋችሁ እኔው ነኝ። ግን ቆቦ ይዘነው ስንሄድ የምንለካው ምኑን ነው?

ቆቦ እኮ በ2013 ክረምት በጦርነት የተያዘች፣ ጳጉሜ 4 ቀን ሰላማዊ ነዋሪዎቿ የተረሸኑባት ከተማ ናት። ነሐሴ 2014 ውጊያው ሲያገረሽ ዳግም ተያዘች። ከፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ እፎይ ሳትል ደግሞ ሌላ ግጭት መጣ። በዚህ ሁሉ መሀል ወላዷም ወባውም ቀጠሮ አይጠብቁም። መንገድ ሲዘጋ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ወልድያ ሌላ አገር ትሆናለች። ሪፈር መጻፍ ቀላል ነው፤ ታካሚዋን ማን ያድርሳት? ዲዩቲ ያደረችን አዋላጅ ነርስ እዚህ ቦታ ላይ «ጫና ትችያለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ መጠይቁን የሚሞላው የቀረው ሰው ነው። አልችል ብሎ የለቀቀው፣ አዲስ አበባ ፋርማሲ የተቀጠረው፣ ባሕር የተሻገረው ናሙና ውስጥ የለም። ስለዚህ ብዙ ሰው በሄደ ቁጥር አማካዩ ሊያምር ይችላል!

ሁለተኛ፣ ውጤቱ ምንም ቢሆን አለቃ ያመልጣል። ከፍ ካለ «ችለውታል» ይባላል። ዝቅ ካለ «ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል» ተብሎ ሁለት ቀን አዳራሽ ይከራያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አለቀ። በሁለቱም መንገድ ጓንት አይገዛም፣ የዘገየ የዲዩቲ ክፍያም አይከፈልም።

ሦስተኛ፣ ማን እውነቱን ይሞላል? በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አልበቃንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ በርካቶች ታስረዋል። ይህን ያየ ሰው «ደክሞኛል» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ከማድረጉ በፊት ወረቀቱ የት እንደሚደርስ ያስባል።

ይህ የእኔ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የሥራ መሰላቸትን ሲተረጉም፣ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ነው እንጂ በሽታ አይደለም ብሏል። የሥራ ቦታ! የሰውዬው ወኔ አላለም።

እና ምን ይደረግ? 25 ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሁሉ ሁለተኛ ገጽ ይያዝ፤ እሱን ኃላፊው ይሙላው። በወር ስንት ሌሊት ዲዩቲ አለ? የስንት ወር ክፍያ አልተከፈለም? ኦክስጅን ስንት ቀን ጠፋ? አምቡላንሱ ይንቀሳቀሳል? ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ለቀቀ? ሁለቱ ገጾች ጎን ለጎን ካልታተሙ የመጀመሪያው ባይታተም ይሻላል። የሞላችሁም ሰዎች ውጤቱ ተመልሶ እንዲነገራችሁ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው።

ቆቦ፣ ሮቢት፣ ጎብዬ ያላችሁ ልጆች፣ የሁለተኛውን ገጽ መልስ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስማችሁን አትጻፉ፤ ቁጥሩ ይበቃኛል።