መግታት ማቆም አይደለም

ባለፈው ወር አንድ ጎረቤቴ ከልጃቸው ትምህርት ቤት የተላከ ወረቀት ይዘው ወደ እኔ መጡ። በወረቀቱ ላይ ልጁ በክፍል ውስጥ ንግግሩን «ከርብ» ያድርግ የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ተጽፎአል። ታላቅ ወንድሙ «ያቁም ማለት ነው» ብሎ ስለ ተረጎመላቸው አባት ልጁን አጥብቀው ገሥጸውት ኖሮ፥ ከዚያ ወዲህ መምህሩ ሲጠይቁት እንኳ አፉን መክፈት ትቶአል። «ጨዋ እንዲሆን እንጂ ዲዳ እንዲሆን አልፈለግሁም» አሉኝ።

እኔም የቃሉን ትውልድ ነገርኋቸው። «ከርብ» ማጉበጥ ከሚለው የላቲን ግሥ ወጥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው። በስምነቱ ከፈረስ አገጭ ሥር አልፎ ከልጓሙ ጋር የሚያያዘው ጠፍር ወይም ሰንሰለት ይጠራበታል። ጋላቢው ዛቡን ሲስብ ሰንሰለቱ ይጠብቃል፤ ፈረሱም አንገቱን ጎንበስ አድርጎ ሩጫውን ይቀንሳል።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ልጓም የሚያስፈልገው ለሚሄድ ፈረስ ነው። በአማርኛችን ትክክለኛ አቻው «ገታ» ነው፤ ፈረስንም፥ ቍጣንም፥ ወጪንም እንገታለን። ቃሉ የሚስማማው በራሱ ኃይል ለሚሮጥ ነገር ነው። በአንድ ክፍል የሚቀመጡትን ተማሪዎች ቍጥር መመጠን ሲሆን ግን እንግሊዞች «ሊሚት» ይላሉ፤ ይኸውም ድንበር ከሚለው የላቲን ስም የመጣ ነው፤ እኛም ከወሰን «ወሰነ» እንላለን። ፈጽሞ መከልከልን ለመግለጽ ደግሞ «ፎርቢድ» የሚል ሌላ ቃል አላቸው።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 3 ስለ አንደበት ሲያስተምር የፈረስን ልጓም ምሳሌ ማድረጉ ይህንኑ ያስረዳናል። የተለጎመ ፈረስ ይመራል እንጂ እግሩ አይታሰርም።

በማግስቱ አባት ልጁን ይዘው ተመለሱ። «ጥያቄ ሲኖርህ እጅህን አንሣ፤ ሲፈቀድልህ ጠይቅ» አልሁት። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፥ «ሰንሰለቱ ፈረሱን አያመውም?» ሲል ጠየቀኝ። አባቱ ደስ ብሎአቸው ሣቁ። እኔም «አለልክ ከተሳበ ያመዋል፤ ስለዚህ ደግ ጋላቢ ዛቡን በቀስታ ይስባል» ብዬ መለስሁለት።

ወላጆች ሆይ፥ ከትምህርት ቤት የመጣ ቃል ሳይገባን ሲቀር ልጁን ከመቅጣታችን በፊት የቃሉን ፍቺ እንጠይቅ።