የጻፋችሁት የት ደረሰ?

ባለፈው የመስክ ልምምዳችን ጊዜ ከአሶሳ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የበርታ መንደር ከቤት ወደ ቤት እየዞርን እንጠይቅ ነበር። ስለ ውሃቸው፥ ስለ ሽንት ቤታቸው፥ በዓመቱ ውስጥ ተቅማጥ ወይም ወባ ስለያዛቸው ልጆች የጠየቅናቸው አንዲት እናት ሁሉንም በትዕግሥት ከመለሱልን በኋላ፥ በአስተርጓሚያችን በኩል እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፥ ባለፈው ዓመትም እንደናንተ ያሉ ልጆች መጥተው ይህንኑ ጽፈው ሄደዋል። የጻፋችሁት የት ደረሰ?»

እኛ የአካባቢ ጤና ተማሪዎች የምንመልሰው አጣን። ይህን ጽሑፍ ማቅረባችንም ጥያቄውን ለሚመለከታቸው ሁሉ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ለራሳችን ለማድረስ ነው።

ውድ አንባብያን እንደምታውቁት በግቢው ውስጥ «የሽንት ቤት መሐንዲሶች» የሚል ስም ወጥቶልናል። ቀልዱን ቀልድ ብለን ባለፍነው ነበር፤ የሚያሳዝነው ግን ከመካከላችን ብዙዎች አምነውበታል። ለዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ ዘመድ «ምን ትማራላችሁ?» ሲለን «ጤና» ብለን እናቆማለን፥ የቀረውን አንጨምርም። ሐኪም የታመመውን ልጅ ሲያድን ያዳነው እጅ ለሁሉ ይታያል። ምንጩ ስለ ተጠበቀ ሳይታመም የቀረውን ልጅ ግን ማን ያየዋል? «ሳይቃጠል በቅጠል» እያለ የሚተርት ሕዝብ ልጆች ሆነን፥ ቅጠሉን ይዞ መሮጥ አሳፈረን።

ሙያው በአገራችን እንዴት እንደ ተጀመረ ብናስታውስ ግን የምናፍርበት ምክንያት የለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ የወባ ወረርሽኝ በደምቢያ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ከዚያ የሚወጡት የጤና መኮንን፥ የኮሚኒቲ ነርስና ሳኒተሪያን ነበሩ። ሦስቱም እንደ አንድ ጓድ ሆነው አብረው እንዲሠለጥኑና በየጤና ጣቢያው አብረው እንዲያገለግሉ ታስቦ ነበር። ሳኒተሪያኑ ለሁለቱ ተላላኪ አልነበረም፤ አንዱ ሲያክም ሌላው የበሽታውን መንገድ እንዲዘጋ የታሰበ የሥራ ክፍፍል ነበር። በ1950 እና በ51 ዓ.ም ወባ እንደገና ተነሥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ሲይዝ 150,000 ያህል ገደለ። ከዚያ ወዲያ መንግሥት የወባ ማጥፊያ ድርጅት አቋቋመ። ያ ትምህርት በሕይወት የተገዛ ነው።

ዛሬም ቢሆን በወረቀት ላይ የተረሳን አይደለንም። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መጀመሪያ ከያዛቸው 16 ዘርፎች መካከል ሰባቱ የንጽሕናና የአካባቢ ጤና ናቸው። ነገር ግን በአንድ ቀበሌ የተመደቡት ሁለት እኅቶች ክትባቱንም፥ የእናቶችንም ክትትል፥ መዝገቡንም ይዘው የየምንጩን ውሃ ሊመረምሩ አይችሉም። ከኋላቸው የሚቆም ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል፤ ያ ባለሙያ እኛ ነን።

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ ለዚህ ሙያ ከየትኛውም ክፍለ ሀገር የበለጠ ሥራ ያለበት አገር ነው። በመንደሪቱ ያየነውን እንናገር። ሽንት ቤቶቹ በአገሩ ቀርከሃና እንጨት በሚገባ ተሠርተው ነበር፤ ነገር ግን የወለሉን እንጨት ምስጥ ስለሚበላው ክረምቱ ሲገባ ይደረመሳሉ። ሁለት ጊዜ ሠርቶ ሁለት ጊዜ የፈረሰበት አባወራ ሦስተኛ ባይሠራ «ግንዛቤ የለውም» ብለን መጻፍ ይገባናል? የጎደለው ግንዛቤ አይደለም፤ ምስጥ የማይበላው ወለል ነው። ሽንት ቤት ከውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፥ ከምንጩም በታች ይሁን ብለን በክፍል ተምረናል። እዚያ ግን ምንጩ ከታች፥ ሽንት ቤቶቹ ከላይ ነበሩ። ውሃውን እንዳንመረምር የመመርመሪያው ኬሚካል ገና በመጀመሪያው ሳምንት አለቀ። በመዝገቡም ላይ «አልተመረመረም» ብለን ጻፍን። ምናልባት ከኛ በፊት የመጡትም ይህንኑ ጽፈው ይሆናል።

ወርቅ በሚወጣበት በኩል የተቆፈሩት ጉድጓዶች ክፍታቸውን ስለሚቀሩ ዝናብ ይሞላቸዋል፥ የወባ ትንኝም ይራባባቸዋል። ወርቁን ለመለየት ሜርኩሪ በሚጠቀሙበት ስፍራ ደግሞ ድብልቁ ሲቃጠል የሚወጣውን ተን ሠራተኛው ይተነፍሰዋል፥ በአቅራቢያው ያለ ሕፃንም ይተነፍሰዋል። ወደ ወንዝ የገባው በደለል ውስጥ ተለውጦ በዓሣ ሥጋ ውስጥ ይከማቻል። ይህን በባሕላዊ መንገድ ወርቅ ለሚያጥቡት በቋንቋቸው የሚያስረዳ ማን ነው?

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ወዲህ በኩርሙክ በር ብዙ ስደተኛ ገብቷል፤ ቀድሞ በነበሩት በሸርቆሌ፥ በባምባሲና በጾሬ መጠለያዎች ላይ የኡራ ጣቢያ ተጨምሯል። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፥ ለ20 ሰው አንድ ሽንት ቤት የሚለውን መለኪያ ለፈተና ሸምድደነዋል፤ እዚያ ግን የሰው ሕይወት ነው። በጉባ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ ታላቅ ሐይቅ ፈጥሯል። በቆቃ ግድብ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ለውሃው በቀረቡት መንደሮች ወባ ከራቁት ይልቅ እንደሚበዛ አሳይተዋል። ግድቡን በኩራት የተቀበልን ሁሉ የሐይቁን ዳርቻ የሚጠብቅ ባለሙያም ልንመድብለት ይገባል።

ታዲያ ይህን የሚያህል ሥራ እያለ የሙያው ተመራቂ ለምን ሥራ ፈትቶ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ይቆማል? ቀደም ብለው ከተመረቁ ወንድሞችና እኅቶች እንደ ሰማነው፥ የተቀጠረውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከጠረጴዛ አይነሣም። ሞተር ብስክሌት ቢኖር ነዳጅ የለም፤ ነዳጅ ቢገኝ ለሌላ ዘመቻ ይፈለጋል፤ እርሱም የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲያጠናቅር ይውላል። ጎበዙ በመጠለያ ጣቢያ ከሚሠሩ ድርጅቶች ወደ አንዱ ይሻገራል፥ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። በዚህ አንፈርድበትም። የምንፈርደው ባለሙያን አሠልጥኖ መሣሪያውን በሚነሣው አሠራር ላይ ነው።

ስለዚህ በበኩላችን የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፥ የመስክ ልምምድ በየዓመቱ በአዲስ መንደር አይጀመር። በየዓመቱ የሚወጣው ጓድ ወደዚያው መንደር ይመለስ፤ ያለፈውንም ዓመት መዝገብ ይዞ ይሂድ። የመጀመሪያው ቀን ሥራ መጠየቅ ሳይሆን፥ ባለፈው ዓመት የተገኘውንና የተደረገውን በመንደሩ ሸንጎ ፊት ማንበብ ይሁን።

ሁለተኛ፥ ጊዜው ይርዘም። በ1957 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ሙሉ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ጀምረው ነበር። እኛ ዓመት አልጠየቅንም፤ ነገር ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሰላምታ ቃል እንኳ አይለመድም።

ሦስተኛ፥ የበርታን፥ የጉሙዝን፥ የሺናሻን፥ የማኦንና የኮሞን ቋንቋ የሚናገሩ የአገሩ ልጆች በብዛት ወደዚህ ሙያ ይግቡ። እኛም ከመውጣታችን በፊት የሄድንበትን ሕዝብ ቋንቋ በመጠኑ እንማር።

አራተኛ፥ የጤና መሥሪያ ቤቶች የአካባቢ ጤና ባለሙያ ሲቀጥሩ ከደመወዙ ጋር የውሃ መመርመሪያ፥ ክሎሪንና የመስክ ነዳጅ አብረው ይመድቡ። መሣሪያ የሌለው ባለሙያ ጸሐፊ ነው፤ ለጸሐፊነት ደግሞ እኛን ይህን ያህል ዓመት ማስተማር አያስፈልግም ነበር።

ለተማሪ ወንድሞችና እኅቶች የምንለው አንድ ነገር ይቀራል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ማንንም ፈቃድ ሳንጠይቅ ልናደርገው የምንችል አለ፤ መዝገቡ በእጃችን ነው። የዘንድሮውን መዝገብ ሦስት ቅጂ አውጥተን አንዱን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፥ አንዱን ለመንደሩ ሽማግሌዎች፥ አንዱንም ለዚህ ማኅበር ጽሕፈት ቤት እናስረክባለን። «አልተመረመረም» ያልነውን ምንጭ ለመመርመር የሚበቃ ኬሚካል መግዣ ከየኪሳችን ማዋጣት ጀምረናል፤ ሊያግዘን የሚወድ ስሙን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ። የቀልደኞቹም ገንዘብ ይቀበላል።

በሚመጣው ዓመት ወደዚያች መንደር የሚሄዱት ልጆች እኒያን እናት ያገኟቸዋል። ያን ጊዜ ጥያቄው ከተደገመ መልሱን ይዘው ይገኙ።