ድኽነትና የሰው መብት

አንዲት አሮጊት ከአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆመዋል እንበል። የመጡበት ጉዳይ ከፍለው መታከም የማይችሉ መሆናቸው ተመስክሮ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ እንዲሰጣቸው ነው። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ወጣት ቀና ብሎ ሳያይ «እማማ፣ ነገ ይምጡ» ይላቸዋል። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ይሄዳሉ። በማግሥቱ ይመጣሉ፤ በሠልስቱም ይመጣሉ። ወጣቱ ክፉ ሰው አይደለም። እሑድ ጧት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተቀመጡት ነዳያን ሳንቲም ሳይሰጥ አያልፍም። ታዲያ እሑድ የራራው ልብ ሰኞ ስለ ምን ይደነድናል?

መልሱ እንደሚመስለኝ ይህ ነው። ወጣቱ ድኻውን በሁለቱም ቀን የሚያየው በአንድ ዓይን ነው። እሑድ ቢሰጥ ቸርነቱ ነው፤ ሰኞ ቢነፍግም የነፈገው ከገዛ ቸርነቱ ስለሚመስለው ራሱን አይወቅስም። ደብዳቤው ግን የእሱ ገንዘብ አይደለም፤ የአሮጊቲቱ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ዐላማም ይህን ልዩነት ማሳየት ነው፤ ይኸውም ድኽነት የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመብት ጉዳይ መሆኑን፣ መብቱም የሚከበረው ድኾቹ ራሳቸው ከወዳጆቻቸው ጋር ተባብረው ሲናገሩ መሆኑን ነው።

ይህን ስል ምጽዋትን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። የተራበን ማብላትና የታረዘን ማልበስ የጽድቅ ሥራ መሆኑን አባቶቻችን አስተምረውናል፤ በእስልምናም ዘካ ግዴታ እንጂ ባለጸጋው ደስ ሲለው ብቻ የሚያደርገው ስጦታ አይደለም። ነገር ግን ምጽዋት የሰጪውን ልብ ይከተላል፤ መብት ግን የተቀባዩን ሰውነት ይከተላል። ልብ ዛሬ ሞቅ ነገ ቀዝቀዝ ይላል፤ ሰውነት ግን በየቀኑ ያው ሰውነት ነው።

ነገሩ ትናንት የተፈለሰፈ እንዳይመስለን ጥቂት ወደ ኋላ እንመልከት። ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1948) የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በፓሪስ ከተማ፣ ፓሌ ደ ሻዮ በተባለው አዳራሽ ተሰብስቦ ሁሉን አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫን አጸደቀ። 48 መንግሥታት ደግፈው ድምፅ ሲሰጡ 8ቱ ድምፅ ከመስጠት ተቈጠቡ፤ የተቃወመ አልነበረም። ከ48ቱ ደጋፊዎች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በመግለጫው በ25ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው ለራሱና ለቤተ ሰቡ ጤንነት የሚበቃ ኑሮ፣ ይኸውም ምግብ፣ ልብስ፣ መጠለያና ሕክምና የማግኘት፣ ሥራ ባጣ፣ በታመመ ወይም ባረጀ ጊዜም ዋስትና የማግኘት መብት እንዳለው ተደንግጓል። እንግዲህ መናገርና መሰብሰብ መብት እንደ ሆኑ ሁሉ መብላትና መታከምም መብት መሆናቸው ከተጻፈ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ሆኗል።

ይሁን እንጂ በወረቀት የተጻፈው ነገር በጭቃ ውስጥ ለሚኖረው ሰው ምን ፈየደለት? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ታሪክ መግለጫው ከጸደቀበት ከዚያው ከፓሪስ ሳንርቅ እናገኛለን። ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ ኑአዚ ለ ግራን በምትባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት ቤት ያጡ 250 ያህል ቤተ ሰቦች ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል በሚመስሉ ጎጆዎች ሰፍረው ይኖሩ ነበር። ውሃ የሚቀዱት ከጥቂት ቧንቧዎች ነበር፤ ዝናም ሲመጣ ሰፈሩ ጭቃ ብቻ ይሆናል። በጎ አድራጊዎች ሾርባ ያመጣሉ፤ ሰፈርተኛውም ተሰልፎ ይቀበላል። በ1956 ጆዜፍ ቭሬዚንስኪ የሚባሉ የካቶሊክ ቄስ ወደዚህ ሰፈር መጡ። እኚህ ቄስ በ1917 አንዤ በተባለች የፈረንሳይ ከተማ ከስደተኞች ወላጆች የተወለዱና በችግር ያደጉ ነበሩና፣ ተሰልፎ መቀበል በሰው ላይ የሚያመጣውን ኀፍረት ሌላ ሰው እንዲነግራቸው አላስፈለጋቸውም።

ያደረጉት ነገር በጊዜው ብዙ በጎ አድራጊዎችን ሳያስገርም አልቀረም። የሾርባውን እደላ አስቀርተው በምትኩ ቤተ መጻሕፍት፣ የሕፃናት መዋያና የልብስ ማጠቢያ ቤት እንዲቋቋም አደረጉ። በ1957ም ከሰፈሩ ቤተ ሰቦች ጋር አንድ ማኅበር መሠረቱ፤ ይህም ኋላ «ኤ ቴ ዴ አራተኛው ዓለም» በሚል ስም በብዙ አገር የታወቀው ድርጅት ነው። ሾርባ ለዕለቱ ረኃብ ይጠቅማል፤ መጽሐፍ የተሰጠው ልጅ ግን ሰው ሆኖ እንደ ተቈጠረ ያውቃል። ቄሱ የተረዱት፣ ድኻ የሚጐድለው እንጀራ ብቻ ሳይሆን የሚሰማው ሰው ጭምር መሆኑን ነበር።

በ1958 ዤንቪዬቭ ደ ጎል አንቶኒዮዝ የተባሉት ሴት ይህን ሰፈር ጎበኙ። እሳቸው የጄኔራል ደ ጎል የወንድም ልጅ ሲሆኑ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች በራቨንስብሩክ የእስረኞች ካምፕ አስረዋቸው ነበር። በዚያ የጭቃ ሰፈር ባዩአቸው ሰዎች ፊት ላይ በካምፑ አብረዋቸው ታስረው የነበሩትን ሴቶች ፊት እንዳዩ ተናግረዋል። ከ1964 እስከ 1998 ድረስም የማኅበሩ የፈረንሳይ ሊቀ መንበር ሆነው አገለገሉ። ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ እኚህ ሴት በሰፈሩ ያዩት የምስኪኖችን መከራ ብቻ አልነበረም፤ የተገፈፈ ክብር ነበር።

ማኅበሩ በ1972 የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም የሰጠውን ስብሰባ ጀመረ። በዚህ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድኽነት የሚያስረዳው ድኽነትን የኖረበት ሰው ነው፤ የተማረው ደግሞ ተቀምጦ ያዳምጣል። ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላም በ1987 ቄሱ ለፈረንሳይ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ጉዳይ ምክር ቤት ዘገባ አቀረቡ። የዘገባው ፍሬ ነገር ችግር ችግርን የሚወልድ መሆኑ ነው። ቤት የሌለው ሰው አድራሻ የለውም፤ አድራሻ ከሌለው ሥራ የሚቀጥረው አያገኝም፤ ሥራ ሲያጣ ይታመማል፤ ሲታመም ልጆቹ ከትምህርት ይቀራሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው ሲቈዩ ያ ሰው መብቱን በገዛ ኃይሉ መልሶ ለመያዝ ያቅተዋል።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 17 ቀን መግለጫው በጸደቀበት በፓሌ ደ ሻዮ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ 100,000 ያህል ሰዎች ተሰበሰቡና አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ ተመረቀ። በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ቃል ሰዎች በመከራ እንዲኖሩ በተፈረደባቸው ስፍራ ሁሉ የሰው መብት እንደ ተጣሰና መብቱን ለማስከበር መተባበርም የተቀደሰ ግዴታ እንደ ሆነ ያስታውቃል። ቄሱ በተከታዩ ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ዐረፉ፤ ሥራቸው ግን አልቆመም። በዲሴምበር 1988 የፈረንሳይ ፓርላማ ገቢ ለሌላቸው ሰዎች ዝቅተኛ መተዳደሪያ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። በ1992 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኦክቶበር 17ን ድኽነትን ለማጥፋት የሚታሰብበት ዓለም አቀፍ ቀን አደረገው፤ ይህም በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 7 ቀን ላይ ይውላል። በ1998 ደግሞ ድኾች ከኅብረተሰቡ እንዳይገለሉ የሚከላከል ሰፊ ሕግ በፈረንሳይ ጸደቀ። በነዚህ ሁሉ ድኽነት ከፈረንሳይ ጠፋ ማለት አይደለም። ነገር ግን ሾርባ ለመቀበል ይሰለፉ የነበሩ ሰዎች የጀመሩት ነገር ሕግ እስከ መሆን ደረሰ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ አይደለምን?

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ «ፈረንሳይ ባለጸጋ ናት፤ እኛ ግን ገንዘብ የለንም፤ ገንዘብ በሌለበት መብት ምን ይሆናል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳንም ይህን አልዘነጋም። መንግሥታት ያላቸውን ሀብት እስከሚችሉት ድረስ ተጠቅመው መብቶቹን ደረጃ በደረጃ እንዲያሟሉ ያዛል እንጂ በአንድ ሌሊት ይሟላ አይልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ይደነግጋል። ሆስፒታል ለመሥራት ገንዘብ ያስፈልጋል። አሮጊቲቱን ቀና ብሎ ለማየት ግን ስንት ብር ያስፈልጋል? ደብዳቤው የማይሰጣቸው ከሆነ ምክንያቱን ለመንገር፣ ቅር ቢላቸው ለማን አቤት እንደሚሉ ለማመልከት የትኛው በጀት መጽደቅ አለበት? ብዙው የክብር ዕዳ ያለ ገንዘብ የሚከፈል ነው።

ከዚህም የከፋ ስሕተት አለ፤ እሱም ድኽነትን እንደ ወንጀል መቍጠር ነው። በ1958 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነዳያን ከከተማው ተለቅመው በሾላ የተከማቹበትን ካምፕ ተቃውመው ሰልፍ በወጡ ጊዜ ያነሡት ጥያቄ «ድኽነት ወንጀል ነውን?» የሚል ነበር። እነዚያ ተማሪዎች የዛሬዎቹን ተማሪዎች ያህል ወጣቶች ነበሩ። ጥያቄያቸው ያን ጊዜ የጥቂት ልጆች ጩኸት ይመስል ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት በሰጠው የምክር አስተያየት፣ ሰውን መጠጊያና መተዳደሪያ ስለሌለው ብቻ በቦዘኔነት የሚያሳስሩ ሕጎች ከአፍሪካ ቻርተር ጋር የማይስማሙ መሆናቸውንና መንግሥታትም ሊሽሯቸው ወይም ሊያሻሽሏቸው እንደሚገባ አስታወቀ። ተማሪዎቹ በመንገድ ላይ የጠየቁትን ዳኞቹ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቈይተው መለሱት።

እኛስ ምን እናድርግ? መተባበርን ከውጭ የምንማረው ነገር አይደለም። ዕድር ያላት አገር ነን። በዕድር ድኻውም ባለጸጋውም እኩል ያዋጣል፤ ኀዘን ሲደርስበትም የሚቀበለው የአባልነት መብቱን እንጂ ምጽዋት አይደለም፤ ስለዚህም አንገቱን ሳይደፋ ይቀበላል። ይኸው ኅብረት ለሙት ብቻ ሳይሆን ለሕያውም ጠበቃ ቢሆን፣ ከጎረቤት አንዱ የሚገባውን ሲያጣ ሦስት አራት ሰው አብሮት እስከ ጽሕፈት ቤቱ ቢሄድ፣ «ነገ ይምጡ» የሚለው ቃል ባጠረ ነበር። በገጠርም በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተረጂዎቹን የሚመርጥ የአካባቢው ኮሚቴ ከመኖሩ ሌላ፣ ያለ አግባብ ተዘለልኩ የሚል ሰው የሚያመለክትበት የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በየቀበሌው እንዲቋቋም ተደንግጓል። ርዳታን መብት የሚያደርገው ይህ የአቤቱታ በር ነው። በሩ ግን ተከፍቶ የሚቈየው የሚገባበትን ሰው በአክብሮት የሚቀበል ሠራተኛ በውስጥ፣ አይዞህ ብሎ የሚያጅብ ጎረቤትም በውጭ ሲኖር ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ ዛሬ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁት ነገ ከመስኮቱ ወዲያ ትቀመጣላችሁ፤ ከናንተም አንዳንዶቹ ከወዲሁ ተቀምጣችኋል። ስለ ሰው መብት ብዙ አንብበናል፤ ተከራክረናል፤ ለፈተናም ጽፈናል። እውነተኛው ፈተና ግን ሰኞ ጧት ነጠላ ለብሰው ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። በዚያን ጊዜ «እማማ፣ ይቀመጡ፤ ጉዳይዎን ዛሬ እንጨርሰዋለን» ካልን በፓሪሱ ድንጋይ የተቀረጸው ቃል እኛ ዘንድ ደርሷል ማለት ነው። አሮጊቲቱም «እግዚአብሔር ይስጥህ» ባይሉ አይክፋን፤ የተቀበሉት የራሳቸውን ነውና።