አሸዋውን ሳንሞክር አናስተምር

የአርዲቦ ሐይቅ ተዳፋት ዳርቻው ላይ አያበቃም፤ ውሃው ውስጥም ይቀጥላል። ታዲያ አሸዋ ቀድሞ የሚናደው የት ነው ብንባል፣ ብዙዎቻችን «ውሃ ውስጥ ነዋ!» እንላለን። እስቲ እንሞክረው።

ሻካራ፣ ታጥቦ የደረቀ አሸዋ በጠርሙስ እስከ ግማሽ እንጨምር። ከድነንና አጋድመን ቀስ እያልን እናንከባለው። አሸዋው መናድ ሲጀምር ማዕዘኑን በፕሮትራክተር እንለካ፤ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃ ሞልተን ብንደግመውም ማዕዘኑ እምብዛም አይለወጥም። ውሃው አሸዋውን ሲያቀለው፣ ቁልቁል የሚጎትተውን ኃይልና የሚይዘውን ሰበቃ አብሮ ይቀንሳልና። የሚለወጠው ፍጥነቱ ነው፤ ውሃ ውስጥ ዝግ ብሎ ይወርዳል።

«ታዲያ ክረምት ላይ ገደሉ ለምን ይናዳል?» ብሎ የአርዲቦ ልጅ ቢጠይቀንስ? ዝናቡ አፈር ውስጥ ሲጠራቀም ግፊቱ ቅንጣቶቹን ስለሚያላቅቅ፣ ሰበቃው ይዳከማል። የተዳፋቱ እግር ከተቆረጠ ደግሞ ይብሳል። ከገደል ሥር ለሚኖር ልጅ ይህ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም።

እጩ መምህራን፣ ጠርሙስና አሸዋ የትም አይጠፋም። በቃል የሸመደድነውን በቃል ብቻ ባናስተላልፍ ምናለ? መምህራኖቻችንም ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ከጠመኔው ጎን ጠርሙስ ያስይዙን!