ከሱስ ሕክምና የቀረውን ወንድም ማን ይፈልገው?

በማሌዥያ ዋና ከተማ ኩዋላ ላምፑር፣ ከማላያ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ አር-ራህማን የሚባል መስጂድ አለ። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የዩኒቨርሲቲው ሐኪሞች ከመስጂዱ ጋር ተባብረው የሄሮይን ሱስ ያለባቸውን ሰዎች በዚያው ማከም ጀመሩ። ታካሚዎቹ ሜታዶን የተባለውን መድኃኒት ይወስዱ፣ ይሰግዱ፣ ምክርና የዲን ትምህርት ያገኙ ነበር። ለሰሚው እንግዳ ይመስላል፤ መስጂድንና የሄሮይን ሕክምናን ምን አገናኛቸው?

ያገናኛቸው የማቋረጥ አደጋ ነው። ሜታዶን ራሱ የሄሮይንና የሞርፊን ወገን ነው። በሐኪም ልክ በየቀኑ ሲወሰድ ግን አምሮቱን ያበርዳል፣ ሰውየውም ወደ ሥራውና ወደ ቤተሰቡ እንዲመለስ ያግዘዋል። ሕክምናው ወራት፣ ብሎም ዓመታት ይጠይቃል። አቋርጦ ከቆየ በኋላ ወደ ሄሮይን የተመለሰ ሰው፣ ሰውነቱ የቀድሞውን መጠን ስለማይችል ትንፋሹ ቆሞ ሊሞት ይችላል።

ታዲያ ለምን ያቋርጣሉ? ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ስላልሠራ አይደለም። ሐፍረት፣ የትራንስፖርት ወጪ፣ የሥራ ሰዓት፣ «ሱስን በሱስ ቀየርክ» የሚል ዘመድ ያስቀራቸዋል። መምህር ሳለሁ ሦስት ቀን የቀረ ተማሪ በአራተኛውም የሚቀረው ትምህርቱ ከብዶት ሳይሆን የሚጠብቀውን ዓይን ፈርቶ ነበር። ቤቱ ሄዶ የጠየቀው ሰው ሲኖር ይመለሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ያወጣው መመሪያ ሥነ ልቦናዊና ማኅበራዊ ድጋፍ ለሁሉም ታካሚ ይቅረብ ይላል፤ ድጋፉን አልፈልግም ያለ ግን መድኃኒቱን እንዳይከለከል ያሳስባል። ምክር፣ ዱዓእና ሩቅያም ከመድኃኒቱ ጎን ይቆማሉ እንጂ አይተኩትም። «ተውበት ካደረግክ መድኃኒቱ ምን ያደርግልሃል?» ማለት በወንድማችን ሕይወት ላይ መፍረድ ሊሆን ይችላል።

በፊቅህ በኩልም፣ ነፍስንና አእምሮን መጠበቅ ከሸሪዓ ዓላማዎች ነው፤ ከሁለት ጉዳት ቀላሉን መምረጥም የታወቀ መርህ ነው። በሐኪም ልክ የተሰጠ መድኃኒት ለመስከር ከሚወሰድ ሄሮይን ጋር አንድ አይደለም። በረመዷንም፣ መድኃኒቱ በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ፣ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ሰዓቱን ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይቻላል።

እያንዳንዱ መስጂድ ክሊኒክ ይሁን ማለቴ አይደለም። መድኃኒቱን የሚሰጠው ባለሙያ ነው። ኢማሙ ግን በኹጥባው ሐፍረቱን ማቅለል፣ ጀመዓው የትራንስፖርት ወጪ መሸፈን፣ ጎረቤት ምስጢር ጠብቆ «ዛሬስ ሄድክ?» ብሎ መጠየቅ ይችላሉ። ከሶፍ የጎደለን ወንድም የምንፈልግ ከሆነ፣ ከሕክምናው የጎደለውንም መፈለግ የእኛው ኃላፊነት ነው።

ወላሁ አዕለም።