ማን ነው የተኛው?

ኤድዋርድ ጊበን የተባለው እንግሊዛዊ የታሪክ ጸሐፊ በ18ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያን ሺህ ዓመት ያህል አስተኛት። ዙሪያዋን በሃይማኖት ጠላቶቿ ተከበበች፣ ዓለምን ረሳች፣ ዓለምም ረሳት፤ አባባሉ ባጭሩ ይኸው ነው። ሰውዬው አገራችንን በዓይኑ አላየም፤ አልፈርድበትም። የምፈርደው ዛሬም ይህንኑ እንደ ዳዊት በሚደግሙት በኛው ሰዎች ላይ ነው።

ተዘጋ የተባለውን መንገድ እስቲ እንከተለው። ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቀው በሐርላ ቲሞቲ ኢንሶልና ባልደረቦቹ ቆፍረው ያገኙትን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ይፋ አድርገዋል፤ የ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ፣ የቻይና ሸክላ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የተመታ ሳንቲም፣ የባሕር ዛጎል። እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ የጌጥ ሠሪዎቹ ቦታ ነው። ብሩን፣ ነሐሱን፣ የከበረውን ድንጋይ፣ የመስተዋቱን ጨሌ እዚያው ይሠሩት ነበር። ይህ የተኛ ሰው እጅ ነው?

«ሐርላማ የእስላም ከተማ ነው፤ ስለ ደጋው ምን ይነግረናል?» የሚለኝ አይጠፋም። እሱን ወደ ደብረ ዳሞ እወስደዋለሁ። በጠፍር ካልተንጠለጠሉ በማይወጣበት በዚያ ገዳም የኡመያድና የአባሲድ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ የአረብኛ ጽሑፍ ያለባቸው ጨርቆችም እንዲሁ። ትግራይ ውስጥ፣ ኩይሃ አጠገብ፣ ቢለት በተባለው ስፍራ ደግሞ በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዘመን በአረብኛ የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች አሉ። ነጋዴ አልፎ ይሄዳል፤ መቃብር ግን እዚያው ኖሮ የሞተ ሰው እንደ ነበረ ይመሰክራል።

በርግጥ አንድ ሳንቲም ተገኘ ተብሎ ከካይሮ ሐርላ ድረስ ቀጥ ያለ ቀስት መሳልም ስሕተት ነው። ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ፣ ከገበያ ወደ ገበያ ይዞራል። ጨውና ቅቤ አፈር ውስጥ አሻራ አይተዉም፤ በሰንሰለት የተነዳው ባሪያም እንደ ጨሌው አይለቀምም። ካርታችን ይህንንም ጉድለቱን መናዘዝ አለበት።

የሐርላ ገበሬዎች ሳንቲምና ስባሪ ሸክላ ሲያገኙ ኖረዋል፤ የግንቡን ድንጋይ ትልቅነት አይተውም የቦታው ነዋሪዎች ግዙፍ ሰዎች ነበሩ ይላሉ። እነሱስ ቢያንስ ጠይቀዋል። ጨሌዋን ከአፈሯ ነቅሎ ለአላፊ አግዳሚው የሚሸጥ ግን የመጣችበትን መንገድ አብሮ ይሸጣል፤ ከየትኛው የአፈር ንጣፍ፣ ከምን ዕቃ ጋር እንደ ወጣች ካልታወቀ የዘመኗ ምስክርነት ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ ለሐርላ ዘበኛ ይቆምለት፣ የተማሪዎቹ ካርታም ከአዱሊስ ቀጥሎ ዘይላንና ሐርላን ይጻፍ።