በር ሲጠብ የሚጠቀመው ደላላ ነው

ሰሞኑን ከአንድ ወዳጄ ጋር ቡና እየጠጣን ጨዋታችን ወደ ስደት ዞረ። ታናሽ ወንድሙ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ ዓመታት ተቆጥረዋል። የእናታቸውን የሕክምና ወጪ የሚሸፍነው እሱ ነው። «አሜሪካኖቹ በሩን እየጠረቀሙት ነው፤ ግፍ እኮ ነው!» አለኝ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ግን የሰፈሩን የቤት ኪራይ አነሳና «ይሄ ሁሉ የውጭ ስደተኛ እየገባ እንዴት አይወደድ? መንግሥት ዝም ብሎ ያያል» ብሎ ተማረረ።

ሁለቱን ንግግሮቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጥለት እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። አብዛኞቻችን እንዲሁ ነን። ለወንድማችን የሰው አገር በር ወለል ብሎ እንዲከፈት እንፈልጋለን፤ የሰው ወንድም ወደ እኛ ሲመጣ ደግሞ መቀርቀሪያ እንፈልጋለን።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አገሮች ሕጋዊውን የስደት በር ቢያሰፉት ለመጪውም ለተቀባዩም ይበጃል። ድንበር ይፍረስ፣ ማንም ሳይጠየቅ ይግባ ማለቴ አይደለም። ሠርቶ ለመኖር የሚመጣ ሰው ተመዝግቦ፣ ወረቀት ይዞ የሚገባበት በር ይኑር ነው የምለው። ይህን የምለው አዝኜ ብቻ አይደለም፤ ማስረጃውም ወደዚያ ስለሚያደላ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የሁላችንንም ጥርጣሬ እናንሳ፦ «ሥራችንን ይወስዱብናል፤ ደሞዛችንን ያወርዱብናል» የሚለውን።

በ1980 ፊደል ካስትሮ መሄድ ለሚፈልጉ ሁሉ የማሪኤልን ወደብ ከፈተ። በጥቂት ወራት ውስጥ 125 ሺህ ያህል ኩባውያን በጀልባ ፍሎሪዳ ገቡ። ግማሽ ያህሉ ማያሚ ቀሩ። የከተማዋ የሠራተኛ ቁጥር ድንገት በ7 በመቶ ጨመረ። የተባለው ስጋት እውነት ቢሆን ኖሮ ማያሚ ላይ መታየት ነበረበት። ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ካርድ ማያሚን ከአትላንታ፣ ከሂውስተን፣ ከሎስ አንጀለስና ከታምፓ ጋር አነጻጽሮ በ1990 ባሳተመው ጥናት፣ የነባሩ ዝቅተኛ ተከፋይ ደሞዝም ሆነ ሥራ አጥነት ከሌሎቹ ከተሞች የተለየ ጉዳት እንዳልደረሰበት አሳየ። ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ነው።

ክርክሩ በዚህ አልተዘጋም። ራሱ ከኩባ ተሰዶ የመጣው የሃርቫርዱ ጆርጅ ቦርሃስ ያንኑ መረጃ እንደገና መርምሮ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያልጨረሱ ወንዶች ደሞዝ በጣም ወርዷል አለ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ የቦርሃስ ናሙና በጣም ጥቂት ሰው የያዘ መሆኑንና የናሙናው ስብጥርም በመሐል መለወጡን ጠቅሰው ሞገቱት። እኔ ከክርክሩ የምወስደው ይህን ነው፦ ጉዳት አለ ብለው የሚከራከሩት እንኳ የሚፈልጉት በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከተማዋ ግን አልወደቀችም።

ለምን? ሥራ እንደ ትሪ እንጀራ ስላልሆነ ነው። ትሪ ላይ ያለው እንጀራ ቆራሽ ሲበዛ ያልቃል። ስደተኛ ግን ሆድም አለው፣ እጅም አለው። ዳቦ ይገዛል፣ ቤት ይከራያል፣ ፀጉሩን ይቆረጣል፣ ቆይቶም ሱቅ ይከፍትና ሌላ ሰው ይቀጥራል።

በተቃራኒው ደግሞ እንየው። ስደተኛን ማባረር ደሞዝ ያሳድጋል? አሜሪካ ይህንንም ሞክራዋለች። ከ1942 ጀምሮ ብራሴሮ በተባለ ስምምነት የሜክሲኮ ገበሬዎች በውል እየገቡ ሰብል ሰብስበው ይመለሱ ነበር። በ1964 መጨረሻ መንግሥት «የአሜሪካዊው የእርሻ ሠራተኛ ደሞዝ ይደግ» ብሎ ፕሮግራሙን ዘጋው። ከዓመታት በኋላ ማይክል ክሌመንስና ሁለት ባልደረቦቹ ብዙ ብራሴሮ የነበራቸውን ግዛቶች ጭራሽ ካልነበራቸው ጋር አነጻጸሩ። ደሞዙ የተለየ ዕድገት አላሳየም። ባለ እርሻዎቹ አሜሪካውያንን በተሻለ ደሞዝ በመቅጠር ፈንታ ማሽን ገዙ። የካሊፎርኒያ ቲማቲም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በማሽን የሚለቀም ሆነ፤ ማሽን ያልተሠራለትን ሰብል ደግሞ ቀነሱት።

ሰዎቹስ ቀሩ? አልቀሩም። በውል ይገባ የነበረው በስውር መግባት ጀመረ። ድንበሩ በጠበቀ ቁጥር ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ቀድሞ ወቅቱን ሠርቶ ወደ ቤተሰቡ ይመለስ የነበረው ሰው፣ ከወጣሁ ዳግመኛ አልገባም ብሎ እዚያው ቀረ፤ ሚስትና ልጆቹንም አስመጣ። በ1990 አሜሪካ ውስጥ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች 3.5 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በ2007 ከ12 ሚሊዮን አለፉ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አጥሩ እየረዘመ፣ የድንበር ጠባቂው እየበዛ ነበር የሄደው። ሰው እንዳይገባ የተሠራው አጥር የገባው እንዳይወጣ አደረገ።

ይህን ለመረዳት አሜሪካ ድረስ መሄድም አያስፈልገንም። በ2013 ሳዑዲ ዓረቢያ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ የውጭ ሠራተኞች ጋር ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ፣ የእኛም መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ እህቶቻችን እየተደበደቡ፣ ሬሳቸው እየመጣ ነበር። እገዳው እስከ 2018 ቆየ። ጉዞው ግን ቆመ? ኤጀንሲ ሲዘጋ ደላላ ተተካ። ቦሌ ላይ በፓስፖርት ትሳፈር የነበረች ልጅ በጅቡቲ ኦቦክ በኩል ጀልባ ላይ ወጣች። እገዳው በጸናበት በ2016፣ የመን በጦርነት እየነደደች፣ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ከአፍሪካ ቀንድ ባሕር ተሻግረው ገቡባት። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከልጆቹ መካከል በመንገድ የቀረውን፣ ታግቶ ቤተሰቡን መሬት ያሸጠውን ሁላችንም እናውቃለን። በእነዚያ ዓመታት ሀብታም የሆነው ደላላው ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በር መክፈት ብቻውን አይበቃም። በከፋላ ሥርዓት ሠራተኛዋ በአንድ ቀጣሪ ስም ትገባለች፤ ቢበድላትም ወደ ሌላ መሄድ አትችልም። ይህ በሩን ከፍቶ እግሯን ማሰር ነው። የአገሬውንም ደሞዝ የሚያወርደው እንዲህ ያለ ነገር ነው። መናገር የማይችል፣ መክሰስ የማይችል፣ «እለቃለሁ» ማለት የማይችል ሠራተኛ ካለ ቀጣሪው የሚናገረውን ለምን ይቀጥራል? ስለዚህ የአገሬው ሠራተኛ ጥቅም የሚጠበቀው ስደተኛው ሲባረር አይደለም፤ እኩል መብት ሲኖረው ነው።

ስፔን በ2005 ያደረገችው ይህንን ነበር። የዛፓቴሮ መንግሥት አገር ውስጥ የቆዩና የሥራ ውል ያላቸውን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሕጋዊ አደረገ። እስከ ትናንት በጓዳ ይሠሩ የነበሩት በአንድ ጊዜ የማኅበራዊ ዋስትና ከፋይ ሆኑ። መንግሥት ገቢ አገኘ፤ ሠራተኛው ስሙን አገኘ።

እዚህ ላይ የፖለቲካውን ጥያቄ መሸሽ አይገባም። «ሕዝቡ ካልፈለገስ?» ይባላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ካናዳን እንመልከት። ከ1967 ጀምሮ ሰዎችን በነጥብ እየመዘነች ስትቀበል ኖራለች፤ ሕዝቧም ለአሥርት ዓመታት ደግፏታል። ከኮቪድ በኋላ ግን ጊዜያዊ ሠራተኛውና ተማሪው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጣም በዛ፤ ቤት ግን በዚያው ልክ አልተሠራም። ኪራይ ናረ፣ የሕዝቡ ስሜት ተቀየረ፣ በ2024 የትሩዶ መንግሥት የሚቀበለውን ቁጥር ቀነሰ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሕዝብ የሚፈራው ሥርዓት ሲጠፋ ነው። ማን እንደገባ የሚታወቅበት መዝገብ ካለ፣ ለመጣውም ለነበረውም ቤትና ትምህርት ቤት ከተሠራ፣ ሰው እንግዳ አይጠላም። ካልተሠራ ግን ጥፋቱ የመንግሥት ሆኖ ሳለ ቁጣው የሚያርፈው በስደተኛው ላይ ነው።

አሁን ወደ ወዳጄ ኪራይ ልመለስ።

አገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን አስጠልላለች። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳን የመጡ ናቸው። በ2019 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኞች እንዲሠሩ፣ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍቱ፣ የልጆቻቸውን ልደት እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል። በወረቀት ላይ ከብዙ ሀብታም አገሮች ሕግ የተሻለ ነው። በተግባር ግን የሥራ ፈቃድ በእጁ የያዘው ጥቂት ነው። የቀረው ውጭ ካለ ዘመድ በሚላክ ገንዘብ ይኖራል፤ አለዚያም ያለ ውል፣ በተሰጠው ዋጋ ይሠራል። ግብር አይከፍልም፣ ድርጅት አይከፍትም፣ ሰው አይቀጥርም። ከዚያ ተመልሰን «ስደተኛ ምን ይጠቅመናል?» እንላለን።

ኪራዩስ? አዎ፣ አዲስ ፈላጊ ሲመጣ የአንዳንድ ሰፈር ኪራይ ይጨምራል። ግን የአዲስ አበባ የቤት እጥረት ስደተኛ ከመምጣቱ በፊትም ነበር፤ ሁሉም ነገ ቢወጡም ይኖራል። መልሱ ቤት መሥራት ነው። ከስደተኛው መካከልም ግንበኛ፣ አናጺ፣ ኤሌክትሪሺያን ሞልቷል፤ ፈቃዱን ስጡትና ይሥራ።

ወዳጄን ቡናችንን ስንጨርስ አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ «ወንድምህ እዚያ እንደደረሰ መጀመሪያ ምን አደረገ?» «ግሪን ካርዱ ደረሰውና በሳምንቱ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀጠረ» አለኝ። እናቱ ዛሬ መድኃኒቷን የምትገዛው በዚያች ወረቀት ምክንያት ነው። የእርሱ ሰፈር ተከራይ የሆነው ልጅም የሆነ አገር የምትጠብቀው እናት አለችው። እርሱ የጎደለው ያቺ ወረቀት ናት፤ እርሷን መስጠት ደግሞ በእኛ እጅ ነው።